ስሙን አባቱ ያውጣለት

ዱፊ የአቦንሱ ንጉሥ የእህት ልጅ ናት። ሌላ አገር ይህ ያን ያህል የሚያስኮራ ላይመስል ይችላል። እኛ አሻንቲዎች ዘንድ ግን የንጉሥ ልጅ አይነግሥም፤ የሚነግሠው የእህቱ ልጅ ነው። ደም የሚተላለፈው በእናት በኩል ነው። ስለዚህ ዱፊ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ከተማው ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቅ ነበር። አንድ ቀን በርጩማው ላይ የሚቀመጥ ከእርሷ ይወለዳል። በርጩማው ዙፋናችን ነው። እንጨት ነው ብሎ የሚንቀው ካለ አቦንሱ መጥቶ ይንገረን።

የእናቷ ታላቅ እህት ናና አፍራኮማ ንግሥት እናት ነበሩ፤ ይህ ሹመት ነው እንጂ የንጉሡ እናት ማለት አይደለም፣ ናናም የክብር መጠሪያ ነው። ንጉሡን የመረጡት እርሳቸው ናቸው፤ ሲያጠፉ በሰው ፊት የሚገሥጿቸውም እርሳቸው ብቻ ናቸው። ንጉሡ ሳሎናቸው ተቀምጠው እግር ኳስ ሲያዩ ድምፃቸው ከፍ ካለ፣ ከጓሮ በኩል «ንጉሥ አይጮህም» የሚል መልእክት በስልካቸው ይደርሳቸዋል። ከናና አፍራኮማ በኋላ ያ ቦታ የዱፊ እንደሚሆን የሚጠራጠር አልነበረም።

እስከዚያው ዱፊ ገበያው ዳር መድኃኒት ቤት ከፍታ ትሠራለች። የሳል ሽሮፕ ሊገዙ የሚመጡ አሮጊቶች ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ይገባሉ።

«እማማ፣ እባክዎ ጫማዎን ያድርጉ፤ ሲሚንቶው ይበርዳል።»

«ለሲሚንቶ ብዬ ነውር አልሠራም፣ ናና።»

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ወደዚህ መድኃኒት ቤት በግ ዘሎ ገባ። የቫይታሚን ጠርሙሶቹን አንኮታኩቶ ባንኮኒው ሥር ተወሸቀ። የተበጠሰ ገመድ የያዘ፣ ሸሚዙ በላብ የራሰ ረጅም ወጣት ተከትሎት ገባ።

«ይቅርታ እህቴ፣ በግ አላየሽም?»

«ባንኮኒዬ ሥር ካለው ሌላ አላየሁም።»

ወጣቱ ተንበረከከና የበጉን እግር መጎተት ጀመረ። «የእኔ እንኳ አይደለም። የንጉሡ ነው፤ ገና አልደረሳቸውም እንጂ።»

«ቅጣት ነው?»

«በምን አወቅሽ?»

«በግ ይዞ ቤተ መንግሥት የሚሄድ ሰው ወይ አጥፍቷል ወይ ሊያገባ ነው። አንተ ደግሞ የሚያገባ ሰው ፊት የለህም።»

ኤሊኬም ይባላል። ኤዌ ነው፣ የባሕር ዳርቻ ሰው። በአሱቢማ ወንዝ ላይ የሚሠራውን ድልድይ እንዲመራ የተላከ መሐንዲስ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሠራተኞቹ በሙሉ ቀሩበት። ለምን ቢል፣ ሐሙስ ወንዙ የሚያርፍበት ቀን ነው አሉት። ተናዶ ከነቡት ጫማው ግቢው ውስጥ ገባና ለንጉሡ በቀጥታ፣ ዓይናቸውን እያየ ተናገረ። እኛ ዘንድ ደግሞ ለንጉሥ በቀጥታ የሚናገር የለም። ቃል የሚገባውም የሚወጣውም በአፈ ንጉሡ በኩል ነው።

«ወንዝ ምን ሠርቶ ነው የሚያርፈው?» አለ በጉን እየጎተተ። «ንጉሡስ አጠገቤ ተቀምጠው እየሰሙኝ፣ ሌላ ሰው ደግሞ የሚነግራቸው ጆሯቸው ምን ሆኖ ነው?»

ዱፊ እጇን አጣጥፋ ሰማችው። በዚህ መሃል አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ገባችና እጅ ነሣች። «ናና፣ አክስትሽ የደም ግፊት መድኃኒቴን ላኪልኝ ብለዋል።»

ኤሊኬም የሴትዮዋን ባዶ እግር አየ። ቀጥሎ የራሱን ቡት ጫማ አየ። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ።

«ይኼኛውስ ስንት በግ ነው?» አለ።

ዱፊ ሳቀች። ያንን ሳቅ ነው መጀመሪያ የወደድኩት ይላል እስከ ዛሬ።

«መጀመሪያ ያኛውን አስረክብ» አለችው። «የጆሮውን ነገር ግን ልንገርህ። ንጉሥ አንዴ የተናገረው ቃል አይመለስም። አፈ ንጉሡ መሃል የሚቆመው ያንተ ንዴት ለስልሶ እንዲገባ፣ የእርሳቸውም ቁጣ ለስልሶ እንዲወጣ ነው። ትናንት እዚያ የነበርኩ ቢሆን በጉ ይተርፍልህ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ኤሊኬም ራስ ምታት አበዛ። ቀጥሎ ምክንያቱ የወባ ትንኝ ሆነ። ኋላ ሰበቡ አለቀበትና ዝም ብሎ እየመጣ ባንኮኒው ጋ ይቆም ጀመር። ዱፊም አልጠየቀችውም።

በበዓል እሑዶች ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ትልልቆቹ ጃንጥላዎች ይዘረጋሉ። ዱፊ ባለ ጥለት ሐር ለብሳ፣ ክንዷ በወርቅ ከብዶ ከአክስቷ ኋላ ትቀመጣለች። እዚያ መሳቅ የለም፤ ሰው እያየ መብላትም የለም። ኤሊኬም ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ያያታል። ዓይን ለዓይን ሲገናኙ እርሷ አትሸሽም፤ ዓይኑን የሚሰብረው እርሱ ነው።

«እዚያ ተቀምጠሽ ሳይሽ ሌላ ሰው ትመስዪኛለሽ» አላት አንድ ቀን ባንኮኒው ጋ ቆሞ።

«ሌላ ሰው አይደለሁም። መድኃኒት የምሸጠውም እዚያ የምቀመጠውም እኔው ነኝ። አንዷን ብቻ ከሆነ የወደድከው አሁኑኑ ንገረኝ።»

ወደ ደጃፉ ዞረ። ውጭ የቲማቲም ነጋዴዎች ይጯጯሃሉ።

«እዚያ የምትቀመጠዋን እፈራታለሁ» አለ በመጨረሻ እጇን ይዞ። «ይችኛዋን ግን ሳላይ መዋል አልቻልኩም።»

«ያችኛዋንም ትለምዳታለህ» አለችው፤ እጇንም አልነጠቀችውም።

የድልድዩ ሁለት ጫፍ በገጠመ ሰሞን የኤሊኬም እናት ሴናሜ ከባሕሩ ዳር ከተማ ከአንሎጋ ከአጎቱ ጋር መጣች። በር ማንኳኳት እንለዋለን፤ የልጅቷን ቤተሰብ ለመጠየቅ መጠጥ ይዞ መምጣት ነው። ሴናሜ ባሏ ሲሞት ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ቀይ ሽንኩርት እያለማች አንድ ልጇን መሐንዲስ ያደረገች ሴት ናት። ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው። ቤተ መንግሥቱን ስታይም አልተርበደበደችም።

ሁሉ ነገር በአፈ ንጉሥ ቦንስራ በኩል በሥርዓቱ ሲሄድ ቆየ። ያመጡት መጠጥ፣ የጂን ጠርሙሶቹ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ሴናሜ «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «የሚወለደው ልጅ የማን ነው?»

አፈ ንጉሡ ጥያቄውን ለናና አፍራኮማ አቀረቡ። ንግሥት እናት ገረማቸው።

«የማን ሊሆን ኖሯል? የእኛ ነዋ። የበርጩማው ነው።»

ሴናሜ ብድግ አለች። «እኛ ዘንድ ልጅ የአባቱ ቤት ነው። ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው። የባሌን ቤት ዘግቼ የሰው ቤት ላቆም አልመጣሁም።»

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንስታ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። ከአቦንሱ ቤተ መንግሥት መጠጡን መልሶ የወሰደ ሰው እኛ አናስታውስም። ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ናና አፍራኮማ ግን እስክትወጣ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት። «ኩሩ ሴት ናት» አሉ ብቻ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ዱፊ ኤሊኬምን በር ላይ ደረሰችበት።

«ዝም አልክ» አለችው።

«እናንተ ግቢ ያለ አፈ ንጉሥ መናገር ያስቀጣል ብለሽኝ ነበር።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም።» ፊቱ ጠቁሯል። «እናቴን ተሳስተሻል ልበላት? በሽንኩርት ያሳደገችኝን ሴት? ወይስ አክስትሽን?»

«እኔን ግን ልታጣኝ ነው።»

እርሱ እናቱን ተከትሎ ሄደ።  ድልድዩ ከተመረቀ በኋላ ኤሊኬም ወደ ሰሜን ሌላ ሥራ ተላከ። ዱፊ በድልድዩ ላይ ስታልፍ መኪናዋን ቀስ ታደርግ ነበር። ሁላችንም አየን፤ ግን ማንም አልጠየቃትም።

አንድ ማለዳ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ናና አፍራኮማ በረንዳ ላይ ነበሩ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ባሕሩ፣ ናና።»

«ማን ይከተልሻል?»

«ማንም።»

አክስቷ ሻንጣዋን አዩ። «ቀና ብለሽ ሂጂ» አሏት።

ሴናሜ የሽንኩርት መደቦቿን ውሃ ስታጠጣ ነበር የደረሰችባት። ባልዲዋን አስቀምጣ እንግዳዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ጃንጥላ ያዡስ?»

«የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ ዳዳ» አለች ዱፊ፤ ዳዳ በኤዌ ቋንቋ እናት ማለት ነው። «ልጅ እናቷ ዘንድ በጃንጥላ አትመጣም።»

ሴናሜ ወንበር አወጣች። የንጉሥ ቤት ልጅ መጣች የሚለው ወሬ ወዲያው ሰፈሩን አዳረሰና ጎረቤቶች አጥሩን ሞሉት። የበቆሎ ገንፎና የዓሣ ወጥ ቀረበ። ዱፊ ሳህኑን አየች፤ አጥሩ ላይ የተደረደሩትንም ዓይኖች አየች። ከዚያ እጇን ታጥባ በላች። እስክትጠግብ በላች።

ሴናሜ ስታያት ቆየች። «እናንተ ሰው ፊት አትበሉም ብሎኝ ነበር ኤሊኬም።»

«አንበላም።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

«እናቴ ቤት ነው የበላሁት» አለች ዱፊ።

ሴናሜ ዞር ብላ ጎረቤቶቹን «ሥራ የላችሁም?» ብላ በተነቻቸው። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች። ድምፅዋ ለዘበ።

«አንቺን ጠልቼ አይደለም፣ ልጄ። ባሌ ወጣት ሆኖ ባሕር በላው። ሬሳውን እንኳ አልሰጠኝም። መቃብር የለውም፤ ያለው ይህ ልጅ ብቻ ነው። የእርሱ ልጆች የሌላ ቤት ከሆኑ ባሌን ማን ይጠራዋል?»

ዱፊ ሳህኑን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እኛ ዘንድ ደም ከእናት ነው። እርሱን ልለውጥልዎ አልችልም፤ ብችልም አልለውጠውም። ስም ግን ከአባት ነው። አባቱ ስም ያላወጣለት ልጅ እኛ ዘንድ ሰው አይባልም። ያን ቀን ስለ ደም ጠየቁ፣ አክስቴም ስለ ደም መለሱ። ስለ ስም የጠየቀ አልነበረም።»

«ያሻውን ስም ያወጣል?»

«ያሻውን።»

«የአባቱንም?»

«የባልዎ ስም ማን ነበር፣ ዳዳ?»

ሴናሜ ወደ ባሕሩ አየች። «ጋሜሊ» አለች፤ ድምፅ አውጥታ ከጠራችው ብዙ የቆየች ትመስል ነበር።

ነገሩ አቦንሱ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። የቤተ መንግሥት ልጅ የሚጠራው በቀደሙት ነገሥታት ስም ነው፤ አንድ ቀን በርጩማው ላይ ሊቀመጥ የሚችል ልጅ እንዴት በዓሣ አጥማጅ ስም ይጠራል አሉ። ናና አፍራኮማ ሁሉንም አስጨርሰው ተናገሩ።

«ስም የሚያወጣው አባት ነው ያልነው እኛ ነን ወይስ ሌላ?»

«እኛ ነን፣ ናና።»

«ታዲያ የገዛ ሕጋችንን ልንፈራ ነው? ያቺ ሴት መጠጧን ስትወስድ አይቻታለሁ። ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር መዛመድ የሚያሳፍረው ካለ ይነሣ።»

የተነሣ አልነበረም።

ዱፊ ያንኑ ቀን ለኤሊኬም ደወለች። እርሱም በማግሥቱ ከነአቧራው መድኃኒት ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«እናቴ ነገረችኝ» አለ። «እኔ ማድረግ የነበረብኝን አንቺ አደረግሽው።»

«ገና የምታደርገው አለ።»

«ምን?»

«ከእኔ ኋላ መሄድ። በየአደባባዩ፣ ዕድሜ ልክህን። ሰው ይስቅብሃል።»

«መድኃኒት የምትሸጠዋ ማታ ማታ ከጎኔ ትሄዳለች?»

«ሁልጊዜ።»

«እንግዲያው ይሳቁ።»

ሠርጉ ተደገሠ፤ ሳቁም። የሥራ ጓደኞቹ «የሚስትህ ጃንጥላ ያዥ ሆንክ አሉ» ሲሉት፣ «እርሱንማ ለሚችል ሰው ሰጡት፤ እኔ ገና እየተማርኩ ነው» ይላቸው ነበር። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ናና አፍራኮማ ጉልበታቸው ሲደክም ቦታውን ለዱፊ አስረከቡ። ዱፊ ነጭ ለብሳ ስትሾም ኤሊኬም ከኋላዋ ነበር፤ ያን ቀን ከእርሱ የኮራ ሰው በግቢው ውስጥ አላየንም።

ወንድ ልጅ ተወለደ። በስምንተኛው ቀን ማለዳ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ልጁን ያቀፈችው ሴናሜ ነበረች። አንድ ሽማግሌ የውሃ ጠብታ ምላሱ ላይ አደረጉ፤ «ውሃ ስትል ውሃ ይሁን» አሉ። የጂን ጠብታም አስከተሉ፤ «ጂን ስትል ጂን ይሁን» አሉ፤ ልጁ እውነትን ለይቶ እንዲናገር ነው። ልጁ ፊቱን ሲያኮማትር ሰው ሳቀ።

«ስሙ ማን ነው?» አሉ አፈ ንጉሥ ቦንስራ።

ኤሊኬም ወደ ፊት ወጣ። «ጋሜሊ።»

የቤተ መንግሥት ልጅ ስም በከበሮ ይነገራል። ከበሮ መቺው ግን እጁን አንሥቶ ቀረ፤ ይህን ስም ከእርሱ በፊት ከበሮ መቺ የነበሩት አባቱም አያቱም አልመቱትም።

«ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብሎ አስጠየቀ።

«ጊዜ ገና አለ ማለት ነው» አለች ሴናሜ።

ከበሮ መቺው ጣቶቹን በቆዳው ላይ ቀስ አድርጎ ሞከረ። ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ሁለቱን ትልልቅ ከበሮዎች መታ፤ የነገሥታቱ ስም ብቻ የሚሰማባቸው ከበሮዎች ባሕር የበላውን ሰው ስም ተናገሩ። ድምፁ ድልድዩን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ወረደ። አሮጊቷ ናና አፍራኮማ ከተቀመጡበት ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ ስሙን ተቀበሉት ማለት ነው።

ዱፊ በሰው ፊት መሳቅም ማልቀስም የማይፈቀድላት ንግሥት እናት ሆና ተቀምጣ ነበር። ፊቷ አልተለወጠም። ግን ሳትዞር «ሰማኸው?» አለች።

«ሰማሁት» አለ ኤሊኬም ከኋላዋ።

ሴናሜ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችና ቀጥ ብላ ወደ ቦንስራ ዞረች።

«አፈ ንጉሥ፣ አንድ ጊዜ እንዲደግመው ንገሩልኝ።»

ከበሮው ደገመው።