ያለ መሸኛ

ዑራኤል አፉ ባይቀድመው ኖሮ ይህ ፍቅር ባልተጀመረም ነበር።

ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ካለው ሕንጻው ምድር ቤት ልብሱን ሊያጥብ ሲወርድ፣ አንዲት ያገሩ ልጅ በማጠቢያ ማሽኖቹ መካከል ቆማ ቫዮሊን ትቃኛለች። በልጅነቱ ክራር ይጫወት ነበርና ጆሮው አላስችል አለው።

«እህቴ፣ ይቅርታ፤ ቅኝቱ ጠፍቶብሻል።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና ሳቀች። «ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት። ፎቅ ላይ ፕራክቲስ ሳደርግ ጎረቤት ኮምፕሌይን እያደረገ አስቸገረኝ፤ እዚህ ደግሞ አንተ መጣህ!»

ፌበን ትባላለች፤ የሙዚቃ ተማሪ ናት። የምታጠናው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ቢበር የሚባል ቫዮሊን ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ነው። ሰውዬው ስለ እመቤታችንና ስለ ልጇ ሕይወት በደረሳቸው ሥራዎች፣ ለየዜማው ማለት ይቻላል፣ አውታሮቹ እንደገና እንዲቃኙ ያዛል።

«እንደኛ ቅኝት ማለት ነዋ!» አለ ዑራኤል። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ቆሟል፤ እሱ ግን ልብሱን ማውጣቱን ረስቶታል።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ንጹሑንም ልብስ ማጠብ ጀመረ። እሷ ትጫወታለች፤ ስታርፍ ስለ ቢበር ታወጋዋለች። አንድ ቀን እጇን ያዘው፤ አልነጠቀችውም። ወደዳት፣ ወደደችው።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ መርዕድ የአማርኛ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ ልጁ ኦርቶዶክስ መሆኑን ሲሰሙ «በዚህ ጉዳይ እኔን እንዳትጠሪኝ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

«ሲቲ ሆል ሄደን ጋብቻችንን እንፈራረም» አላት ዑራኤል። «ሁለታችንም አዋቂ ነን፤ ማን ይከለክለናል?»

ፌበን ቫዮሊኗን ወደ ሣጥኑ መለሰች።

«ቢበርንም ማንም አልከለከለውም» አለች። «ጌታው የነበሩት ጳጳስ ቫዮሊን አምጣ ብለው ቢልኩት፣ ሳልዝበርግ ከተማ ገብቶ ቀረ። ለሌላ ጌታ አደረ፤ ያለ መሸኛ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። አገባ፣ ወለደ፣ በኋላም የመኳንንት ማዕረግ አገኘ። መሸኛው ግን የተጻፈለት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እኔ አባቴ ሳይሸኘኝ ወጥቼ ደስ ብሎኝ መኖር አልችልም፣ ዑራኤል። እወድሃለሁ፤ ግን አልችልም።»

ያን ሰሞን ዑራኤል ሬክስዴል ያለው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሣ ሲጥል፣ በልቡ የነበረው አንድ ፍርሃት ብቻ ነው፤ ላጣት ነው የሚል።

ክረምቱ ወጥቶ በረዶው ሲቀልጥ፣ ፌበን ኢስት ዮርክ ውስጥ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ኮንሰርት አቀረበች። አቶ መርዕድም መጡ፤ ቶሎ እንደሚሄድ ሰው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ፌበን ስለ ቢበርና ስለ ጳጳሱ ጥቂት በእንግሊዝኛ ተናገረች። ከዚያ ዓይኗ አባቷ ላይ አረፈና ድንገት ወደ አማርኛ ዞረች። ፈረንጆቹ ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ተያዩ።

«አባዬ፣ ይሄ ሰው ያለ መሸኛ ሄደ፤ ጳጳሱም ስድስት ዓመት ተቀይመው ቆዩ። እኔ ግን ሳትሸኘኝ የትም አልሄድም። ከዑራኤል ሌላም አላገባም። እጠብቅሃለሁ።»

ይህን ብላ ቫዮሊኗን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ መጫወት ጀመረች። ዑራኤል እንባውን መያዝ አልቻለም፤ አላፈረበትምም።

ጭብጨባው ሲያበቃ አቶ መርዕድ በሰው መሐል እየተጋፉ ወደ እሱ መጡ። ዑራኤል ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሣ።

«አንተ ነህ ዑራኤል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ ጳጳስ አይደለሁም» አሉ። «በልጄ ላይ ስድስት ዓመት መቀየም አልችልበትም።»

«እና... ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«ሽማግሌ ላክ እንጂ!» ብለው ተቆጡ። ወደ በሩ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተመለሱ። «ቄሳችሁም ከመጡ ይምጡ፤ በሬን አልዘጋባቸውም።»