ቡናማዋ ወፍ የት አለች?

ጠጋ በሉ፤ ሐይቅ ዳር እንሂድ።

እዚያ ትርንጎ የምትባል ልጅ አለች። አያቷ አባባ ዱካሞ ዓሣ አጥማጅ ናቸው።

አባባ ዓሣ ሲበልቱ አንጀቱን ለወፎች ይወረውራሉ። ወፎቹም «ክያው! ክያው!» እያሉ ይሻማሉ።

አምና አንዲት ትንሽ ወፍ መጣች። ክንፏ ቡናማ ነው፤ ከዓይኗ ኋላ ጥቁር ነጥብ አላት።

ትልልቆቹ ሲገፏት፣ ትርንጎ ለብቻዋ ታበላት ነበር።

ለፋሲካ ወፏ ወደ ሩቅ አገር በረረች። ትርንጎ ጠበቀች። ሰባት ወር ሙሉ ጠበቀች።

ዛሬ ጠዋት «ክያው! ክያው!» የሚል ድምፅ ሰማች። የቀኙን ጫማ በግራ እግሯ አጥልቃ ሮጠች።

ድንጋዩ ላይ አንዲት ቡናማ ወፍ ቆማለች!

«አንቺ ነሽ?» አለች ትርንጎ።

ቡርር! ወፏ በረረች።

«አባባ፣ ረሳችኝ!»

«መቼ አወቀችሽና ትረሳሻለች? እሷ የዘንድሮ ጫጩት ናት» አሉ አባባ። «ያንቺዋ አድጋለች። ቡናማው ላባዋ ረግፎ ክንፏ ግራጫ ሆኗል።»

«ታዲያ በምን ልወቃት?»

«ዓይናቸው ነጣ ያለው የዚሁ ሐይቅ ወፎች ናቸው፤ ሩቅ አይሄዱም፤ እነሱን ዝለያቸው። ጥቁር ዓይን፣ ጥቁር ነጥብ ያላቸውን ቁጠሪ።»

ትርንጎ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዘጠኝ! ዘጠኙም ልክ አንድ ዓይነት ናቸው።

አባባ ዘጠኝ ቁራጭ ዓሣ ሰጧት።

«አንቺ ነሽ?» ወረወረች። ዋጥ!

«አንቺስ? አንቺ ነሽ?» ዋጥ!

ዘጠኙም በሉ። አንዷም ዞር ብላ አላየቻትም።

ትርንጎ አለቀሰች። «መንገድ ላይ ቀርታ ይሆን፣ አባባ?»

አባባ ውሸት አያውቁም። «ሊሆን ይችላል፣ ልጄ። መጥታ ከሆነ ግን፣ ዛሬ ከእጅሽ በልታለች።»

ትርንጎ የባሰ አለቀሰች። አባባ «ዝም በይ» አላሏትም። እቅፍ አድርገው ወደ ቤት ወሰዷት።

ሲመሽ አልጋዋ ላይ አስተኝተው ጋቢያቸውን አለበሷት። ከሐይቁ በኩል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። ክያው... ክያው...

«ደህና እደሩ» አለች ትርንጎ። «ዘጠኛችሁም።»

ዓይኗን ጨፈነች። ደግሞ ገለጠችው።

«አንቺም፣ ትንሿ የዘንድሮ ጫጩት። አሥራችሁም ደህና እደሩ።»