ከሬሳው ሥር የተገኘው ማሽላ

የመጋዘን ኃላፊው ቹኦል በተናደ የማሽላ ጆንያ ሥር ሞቶ የተገኘው ሰዉ ራሽን ሊቀበል በተሰለፈበት ማለዳ ነው። ጎርፍ ዙሪያውን የከበበው የቶርጃክ ተፈናቃዮች ሰፈር በለቅሶ ተናጠ። አስተዳዳሪው ጋትዌች ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ መጣና ክምር ተንዶበት ነው፣ ቶሎ ይቀበር ብሎ አዘዘ።

ኒያሩዋች ከሰልፉ ወጣች። ጦርነቱ ሳያፈናቅላት በፊት ማላካል ከተማ የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን እንደ ጎረቤቶቿ ባዶ ከረጢት ይዛ ተራ ትጠብቃለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፖሊስነትሽ እኮ ማላካል ቀርቷል» አላት ጋትዌች።

«ዓይኔ ግን አብሮኝ መጥቷል» አለችና አልፋው ገባች።

የሟቹ ልብስ ርሷል። የፈሰሰው ቀይ ማሽላ ከላዩ ብቻ ሳይሆን ከጀርባውም ሥር ተነጥፎ ሸሚዙ ላይ ተጣብቋል። በስተኋላ፣ ውሃው በሚደርስበት በኩል፣ የመጋዘኑ ድንኳን ሸራ ተቀድዶ እንደገና ተሰፍቷል። ቋጠሮው በውጭ ነው።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ሰዎቹን ተራ በተራ አነጋገረች። ዘበኛው ላም የመጋዘኑ ቁልፍ ከአንገቱ እንዳልወረደ ነገራት። ታንኳ ቀዛፊው ዱዎል ተጨማሪ እህል ስለከለከለው ከቹኦል ጋር መጣላቱን አልደበቀም። ጋትዌችን በትሕትና ስለ ሞተር ጀልባው ጠየቀችው። ከእሱ በቀር ማንም እጁን እንደማያሳርፍባት በኩራት መለሰላት። እሷም ወርዳ የጀልባዋን ወለል ሳንቃ ቀና አድርጋ አየች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መጋዘኑ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው።

«ክምሩ ቢናድበት ኖሮ ከጀርባው ሥር እህል ባልተገኘ» አለች። «መጀመሪያ ማሽላው ፈሰሰ፣ ከዚያ ሬሳው ተጋደመ፣ በመጨረሻ ጆንያዎቹ ተናዱበት። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ውሃ የለም። ቹኦልን ውጭ፣ ውሃ ውስጥ ደፍቀው ነው የገደሉት፤ ያስገቡትም በጀልባ ብቻ በሚደረስበት በኋላ በኩል ነው። ዘበኛው ላም ነው እንዳንል፣ ቁልፍ የያዘ ሰው ሸራ አይቀድም። የዱዎል ታንኳ ተሰንጥቃ ከሰሞኑ ደረቅ ላይ እንደተገለበጠች ሁላችሁም ታያላችሁ። ከእሷ ሌላ ሰፈራችን ያለው ጀልባ አንድ ነው። ወለሉ ሥር የእርዳታው ቀይ ማሽላ በቅሏል። ስትሰርቀን ከርመሃል፣ ጋትዌች፤ ቹኦል ደረሰብህና ገደልከው።»

ጋትዌች አልካደም። ፈገግ አለ። «እኔን የነካችሁ ቀን እዚህ አንዲት ጆንያ አትራገፍም። ልጆቻችሁን ምን ልታበሉ ነው?»

«የውሃ አበባ ሥር» አለች አንዲት አሮጊት። «ያንን ስንቆፍር አንተን አላየንህም።»

ሴቶቹ ዙሪያውን ከበቡት። ተኩሱ ብሎ ጮኸ። አንዱ ታጣቂ ከፊቱ የቆመችውን አክስቱን አየና ጠመንጃውን መሬት አስቀመጠ። ሁለተኛውም ተከተለው። ከከተማ ፖሊስ እስኪመጣ ጋትዌችን ላምና ዱዎል ሊጠብቁት ወሰዱት።

ሰልፉ ባለበት ቆሟል፤ ቹኦል የተጋደመበትን እህል የሚነካ ጠፋ። ያን ጊዜ ሚስቱ ኒያማል እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ገባችና ከፈሰሰው ማሽላ በሁለት እጇ ዘግና ወጣች።

«ይታጠባል፣ ይቀቀላል» አለች። «እንድንበላው ብሎ ነው የሞተው። ከረጢታችሁን ክፈቱ።»