ለስንዱ የሠራኋት ጨረቃ

የሌለውን ሰው ከሠርግ ፎቶ ላይ የምጨምር፣ የተጣላውን ደግሞ ቆርጬ የማወጣ ሰው ነበርኩ፣ ንፋስ መውጫ አስፋልቱ ዳር ፎቶ ቤት ከፍቼ ስሠራ እንጀራዬ ይኸው ነበር፣ እና እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፎቶ ላይ መንፈስ አየሁ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። መንፈሱን የማስገባው እኔ ነኝ እላቸው ነበር። አሁን ይህን ስነግራችሁ ራሴንም እየታዘብኩ ነው፤ ግን ያየሁትን አላየሁም ልበል?

መሪጌታ አድማሱ የቤተ ልሔም አካባቢ ሰው፣ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፣ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ጨረቃዋ ስንተኛ ሌሊቷ እንደሆነ ያገሩ ሰው የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ጥቅምት ላይ የባለቤታቸውን የስንዱን ጉርድ ፎቶ ይዘው መጡ፣ ሌላ የላትም አሉኝ፣ አሳድጊልኝ ሊሉኝ ነው ስል ከኋላዋ ሙሉ ጨረቃ እንዳደርግላት ለመኑኝ። ሌላው ደንበኛዬ ፏፏቴ ወይም መኪና ነው የሚያዘኝ፣ ለመሪጌታ ጨረቃ ሠርቼ አላውቅም ብዬ ቀለድኩ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ስንዱ ሞታለች። መስከረም እንደባተ እህቷ ምጥ ጠንቶባት ሲልኩባት መሽቶ ነበር፣ ሰማዩም በደመና እንደተሸፈነ ከርሞ ጨረቃ ያየ ሰው አልነበረም፣ መሪጌታ በጣታቸው ቆጥረው ዛሬ ሙሉ ጨረቃ ናት፣ አሁን ትወጣለች፣ ደመናውም ቢሆን መንገዱን አያጠፋብሽም ብለው ሸኟት። ጨረቃ ግን አልወጣችም፣ ስንዱም ገደሉ አፋፍ ላይ እግሯ ከዳት። ለቀስተኛው ሁሉ የረገመው ደመናውን ነው አሉኝ።

«ያን ሌሊት ያላገኘችውን ጨረቃ ስጪልኝ ልጄ» አሉኝ፣ «ይቅር ትለኝ እንደሆነ።»

ጉራ አይሁንብኝና ያችን ጨረቃ አሳምሬ ነው የሠራኋት። ነጭ ክብ አወጣሁ፣ የደመና መልክ ረጨሁበት፣ መሀሉን አሳበጥኩት፣ ዳሩን አደበዘዝኩት፣ ዙሪያውን በስሱ አበራሁት፣ ብርሃኑንም በስንዱ ነጠላ ላይ አፈሰስኩት፣ ከሰማይ የወረደች ነበር የምትመስለው። በማግስቱ ልጨርሳት ስከፍት ጠርዟ ተበልቷል። እጄ ስቶ ይሆናል ብዬ ሞላሁት። በሌላው ቀን ደግሞ ይበልጥ ጎድላለች፣ የስንዱም ፊት አብሯት ጠቁሯል። ቫይረስ ነው አልኩ፣ በፍላሽ ገልብጬ ጎረቤቴ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት፣ ያው ነው። ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስወጣ ቀና ብል የሰማይዋም ጨረቃ በዚያው ጎን፣ በዚያው ልክ ጎድላለች፣ እመኑኝ፣ ያኔ እንኳ ግጥምጥሞሽ ነው ብዬ ነው የገባሁት።

መሪጌታ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በቀጠርኳቸው ቀን አመሻሽ ላይ መጡ፣ አጠገቤ በርጩማ ሰጠኋቸው። ፋይሉን ስከፍት ከጨረቃዋ የቀረችው እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ነገር ናት፣ ዐይናችን እያየ እሷም ጠፋች። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፣ ጠጠር ሲንከባለል፣ ትንሽ ቆይቶ ትልቅ ድንጋይ፣ ከኮምፒውተሩ ነው እንዳልል ስፒከር የለውም፣ ከደጅ ነው እንዳልል ደጁ አስፋልት ነው። መሪጌታም ሰምተውታል፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ አይቻለሁ። እኔ የሌለሁ ይመስል ወደ ጠቆረው ስክሪን ጎንበስ አሉ።

«ስንዱ፣ ደመናው አይደለም» አሉ። «አበቅቴውን ሳልለውጥ፣ በአምናው ነው የቆጠርኩልሽ። ለሰው መናገር አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

አበቅቴ ማለት ጨረቃን የሚቆጥሩበት ቁጥር ነው፣ ዓመቱ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል፣ በአምናው የቆጠረ ሰው ሙሉ ጨረቃ ያላት ሌሊት ድቅድቅ ጨለማ ትሆንበታለች። እኔ ይህን የተረዳሁት በኋላ ሰው ጠይቄ ነው። ለተማሪዎቻቸው በየዓመቱ እንዳትረሱ የሚሉትን፣ ለገዛ ሚስታቸው ሲሆን ረሱት፣ እስካሁን አንጀቴን ይበላኛል።

ወዲያው መብራት ጠፋ፣ ስክሪኑም አብሮ ጠፋ። የመሪጌታ ፊት ግን እንደበራ ቀረ፣ ነጭ ብርሃን ነው፣ የጋቢያቸው ጥለት ሳይቀር ይታየኛል፣ በመስኮት ብመለከት ውጭው ጨልሟል። ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ። ብርሃኑ ሲለቃቸው ተነሡና «አየችኝ ይሆን?» አሉ፣ ሻማ ፍለጋ መሳቢያዬን ስዳብስ ወጥተው ሄዱ።

ጠዋት መብራት ሲመጣ ከፈትኩት። ጨረቃዋ ሙሉ ናት። ስንዱ ግን ያች ፊት ለፊት የምታየዋ የጉርድ ፎቶ ሴት አይደለችም፣ አንገቷን ወደ ጎን አዙራ መሪጌታ የተቀመጡበትን በርጩማ ታያለች። አትሜው፣ ከተማ አድረው ይሆናል ብዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ፣ የቤተ ልሔም መኪና ሄዷል። ቤተ ልሔም ድረስ ብሄድ አልተመለሱም አሉኝ፣ ተማሪዎቻቸው ገዳም ገብተው ይሆናል ይላሉ፣ የትኛው ገዳም እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። መነኩሴ ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፣ እስካሁን አየኋቸው ያለኝ የለም።

ፎቶው እኔ ዘንድ ነው፣ ከዚያ ወዲህም አልተለወጠም። አንዳንዴ አውጥቼ ትክ ብዬ አየዋለሁ፣ ከንፈሯ ግጥም ብሏል፣ ዐይኗ ግን የሆነ ነገር ይላል፣ ይቅር ያለች ሴት ፊት ይሁን የተቀየመች ሴት ፊት፣ ብዙ ጊዜ ባየውም አልለይልሽ አለኝ። አብሯት የኖረ ሰው ግን አንድ ጊዜ ቢያየው ያውቀው ነበር።