የክሽክሹ መድኃኒት

በ2003 ዓ.ም. መስከረም ላይ በላቸው በገዛ ባቄላው መካከል ቅሉን እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ። ከቀብሩ ወዲህ ከመካነ ብርሃን ከተማ በላይ ያለውን ያን ማሳ ደፍሮ የረገጠ የለም። አመሻሽ ላይ ሟቹ ሲያስል ይሰማል ተባለና ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ቀየረ። የባቄላውን ተባይ፣ የክሽክሹን መድኃኒት የበጠበጠችው ሚስቱ ወርቅውሃ ናትና፣ ገዳዩም እሷ ናት ብሎ አገሩ ፈርዶ ጨርሷል።

ከጎንደር የመጣችው ኢንስፔክተር ዙበይዳ ግን የፒያሳ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ዕቃ ሳታገላብጥ ዋጋ አትጠራም።

«ምን ነበር የበጠበጥሽው?»

«በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ነው፣ እትዬ። መንግሥት ድጋፍ የሚሰጠን ኬሚካል ካልነካን ነው። ክሽክሽ ሲገባ ይኸንኑ በቅጠል እየነከርን እንረጫለን።»

«ታዲያ ባልሽ ምነው ጠጣው?»

«ሁልጊዜ ነዋ! ሳይረጭ በፊት ከእንስራው ቀድቶ ይጎነጫል። ‹እኔ የማልጠጣውን መሬቴን አላጠጣም› ይላል።» ማሳውን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

የልማት ሠራተኛው አዳሙ ፊቱ አመድ መስሏል። «እንግዳ ሲመጣ ‹ጠጥተህ አሳያቸው› የምለው እኔ ነበርሁ። ዘንድሮ ክሽክሹ በረታ። ማሳው ካላፈራ ከድጋፉ ይሰረዛል ብለን ሰግተን ነበር።»

የሟች ወንድም የሻው ከሑመራ ሰሊጥ እርሻ የተመለሰው በቅርቡ ነው። «በሞተ ዕለት እኔ ወፍጮ ቤት ነበርሁ» አለ።

«ወንድምህ ሲያስል ትሰማዋለህ?»

«ሌትም ቀንም።»

በማግስቱ ዙበይዳ አዲስ መድኃኒት አስበጠበጠችና ሦስቱን ከማሳው ዳር ሰበሰበቻቸው። የመንደሩ ሽማግሌ አያ እንኳየሁ እያማተቡ ራቅ ብለው ቆሙ።

«በሉ፣ እንደ ልማዳችሁ እርጩልኝ።»

ወርቅውሃና አዳሙ ነፋሱ በርበሬውን ፊታቸው ላይ እየመለሰው፣ እያስነጠሱ ረጩ። የሻው ግን መጀመሪያ አፈር ቆንጥሮ በተነ፤ ነፋሱን ለጀርባው ሰጠ፤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሥር ተከናነበ። ዙበይዳ ይህን አይታ አዘነች፤ ባላየሁት ብላ ተመኘች።

«ይብቃ» አለች። «በሐኪም ምርመራ በሟች ሆድም በእንስራውም የተባይ መርዝ ተገኝቷል። በርበሬው ሽታውን ሸፍኖታል። ሰው ሊገድል ያሰበ ቅሉ ውስጥ ጠብ ቢያደርግ ይበቃው ነበር። እንስራ ሙሉ መርዝ ግን ለክሽክሽ ነው። ያደረገው ሰው ማሳውን ሊያድን ነው የፈለገው። ወርቅውሃና አዳሙ በላቸው ከእንስራው እንደሚጠጣ ያውቃሉ። የማያውቀው ልማዱ ሲጀመር እዚህ ያልነበረ ሰው ነው። ደግሞስ በርበሬ ለመርጨት ነፋስ የሚለካ፣ አፍንጫ የሚሸፍን ማን ነው? መርዝ ሲረጭ የኖረ ነዋ።»

የሁሉም ዓይን የሻው ላይ አረፈ። ጋቢውን ይበልጥ ወደ ፊቱ ሳበ።

«ከሑመራ ይዤው መጣሁ። ወንድሜ ከድጋፉ እንዳይሰረዝ ብዬ በድብቅ ጨመርሁት። ይጠጣዋል ብዬ በምን ልወቅ? ምነው አንዳችሁ እንኳ ብትነግሩኝ!»

ትረግመዋለች ብሎ ሰው ሁሉ ጠበቀ። ወርቅውሃ ግን ቀረብ አለችና ጋቢውን ከፊቱ ገለጠችለት።

«በላቸው ያን ድጋፍ ሙጥኝ ያለው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችው። «‹ወንድሜ ሑመራ መርዝ ሲረጭ ሊሞትብኝ ነው፤ እዚህ የሚያኖረው እርሻ ላብጅለት› ብሎ ነው።»