የጓሮው በረንዳ መስኮት

አዛውንቱ ቹዋንግ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ሞተው የተገኙት በማለዳ ነው። ፊታቸው ቀላ ብሎ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይመስላሉ። ሐኪሙ «ካርቦን ሞኖክሳይድ» ከማለቱ የታይዋኗ ከተማ የታይናን ፖሊሶች ዓይናቸውን ፎቅ ላይ ወደምትኖረው ተከራይ አዞሩ። ኖሚን ከሞንጎሊያ መጥታ የአካባቢ ጤና የምታጠና ተማሪ ናት። ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ይኸው ጋዝ በሲሊንደር አለ፤ ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። መቼም እንግዳ ሰውን መጠርጠር ድካም የለውም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ? መርማሪዋ ዱ የመጣችው ነገሩን ከሥሩ ልትይዝ ነው።

«ጭቅጭቁ በምን ነበር?» አለቻት።

«በውሃ ማሞቂያው ነዋ!» አለች ኖሚን በንዴት። «በጋዝ የሚሠራ ነው፣ የጓሮው በረንዳ ላይ። በረንዳውን ደግሞ በመስታወት ዘግተውታል። መስኮቱ ካልተከፈተ ጋዙ መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል አልኳቸው። እራት ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት! ‹ሽታ የሌለውን የምታሸት› እያሉ ሳቁብኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲው ነገሩ እስኪጣራ ቤተ ሙከራ እንዳትገቢ ብሎኛል። ቪዛዬ ሊያልቅ ነው፣ ጥናቴ ገደል ገባ። ሰው አልሰማ ሲል ምን ይደረጋል?»

ዱ በረንዳውን አየችው። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ማሞቂያው አጠገብ አንሶላዎች ተሰጥተዋል። ጣሪያው ላይ ወጣች። ገመዱ ላይ ሌሊቱን ዝናብ ያበሰበሳቸው ሰማያዊ ሸሚዞች ተንጠልጥለዋል።

የሟቹን ልጅ ሹፌንን ወጥ ቤት አገኘቻት።

«አንሶላውን የት ነበር ያሰጣሽው?»

«ጣሪያ ላይ። ረስቼው ተኛሁ። በሙታን ወር፣ የሞቱት ወደ ምድር በሚመለሱበት በዚህ ወር፣ እርጥብ ልብስ ውጭ አያድርም፣ ሙታኑ ይለብሱታል። አባቴ ቢያውቅ ይገድለኝ ነበር።»

«መስኮቱንስ?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም!»

ዱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የሟቹ የወንድም ልጅ፣ እዚያው አብሯቸው የሚኖረው የቤት ደላላ ጂያሃውም መጣ። ከአባቱ የወረሰው ድርሻ ስላለው፣ ቤቱ ይሸጥ እያለ አጎቱን ሲነዘንዝ የኖረ ሰው ነው።

«ከቤተ ሙከራ ጋዝ ማምጣት አላስፈለገም» አለች ዱ። «ማሞቂያው ይበቃል፤ መስኮቱን የዘጋ ገዳይ ነው። አንሶላው ማታ ጣሪያ ላይ ነበር፣ ዛሬ ግን በረንዳው ላይ ነው። ያወረደው ማነው?»

ጂያሃው አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ፣ መርማሪ። ሙታኑን ፈርቼ አወረድኩት፣ እንዳይገቡም መስኮቱን ዘጋሁት። ማሞቂያውን አላሰብኩትም።»

«ሙታንን ትፈራለህ?»

«በዚህ ወር የማይፈራ አለ?»

«ታዲያ ሰማያዊዎቹ ሸሚዞች የማን ናቸው?»

«የ... የእኔ። የሥራ ልብሶቼ ናቸው።»

«ሙታንን የሚፈራ ሰው መጀመሪያ የገዛ ልብሱን ያወርዳል። አንተ የራስህን ትተህ አንሶላውን ብቻ አወረድክ። ለመስኮቱ ሰበብ ነበር የፈለግከው። አጎትህ ሳይታጠቡ እንደማይተኙ ታውቃለህ፤ እሳቸው ካለፉ ደግሞ ቤቱን ከመሸጥ የሚያግድህ የለም።»

ጂያሃው ከመቀመጫው ተነሳ። ኖሚንን በጥላቻ አያት።

«እሷ ናት ያስተማረችኝ!» አለ። «ሁሉም ሲስቅ እኔ አዳመጥኳት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ኖሚን ደረጃው ላይ ዘፍ አለች።

«ዛሬውኑ ለዩኒቨርሲቲው እደውላለሁ» አለቻት ዱ። «ቤተ ሙከራሽ ትገቢያለሽ።»

«ገብቼስ? ተምሬስ ለማን ልንገር?»

ሹፌን እንባዋን ጠርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ለእኔ ንገሪኝ» አለች። «እኔም ስቄብሽ ነበር።»