ፍልፈል ዳጉ ተቀመጠች

ፍልፈል ዛሬም ሥራ ከመጀመሯ በፊት ስለ ዝናብ ጠየቀች። ያለችው ከሰመራ ወዲያ ካለው ሜዳ ሥር፣ ፀሐይ ደርሶበት በማያውቅ ዐለት ውስጥ ነው፤ እዚያ ዝናብ ምን ሊያደርግላት ነው አትበሉ። ከላይ ከመቆጣጠሪያው ክፍል የምታነጋግራትን ኢንጂነር መዲና ሁመድን ግን ጥያቄው አላስገረማትም። ሌሊቱን ሲጥል ማደሩን፣ ሣሩም ብቅ ማለቱን ነገረቻትና ወደ ሥራ ገቡ።

ፍልፈል ዐለት እያቀለጠች የምትሄድ፣ የምትሰማና የምታስብ የነዳጅ አሳሽ ማሽን ናት። ነበልባል ኢነርጂ የተባለው ኩባንያ ብዙ ፍልፈሎች አሉት፤ ይቺን ቋንቋና ጠባይ ያስያዘቻት ግን መዲና ናት። ስታስተምራትም የአገሯን የአፋርን ልማድ አብራ ሰጠቻት። አፋር መንገድ ላይ ሰው ካገኘ ዝም ብሎ አያልፍም። ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ከዝናቡ ጀምሮ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይደብቅ ይናገራል፣ የሌላውንም ይሰማል። ይህ ዳጉ ይባላል። መዲና ፍልፈል ከሌሎቹ ማሽኖች ጋር ስትገናኝ እንዲህ ብትነጋገር ሥራ ይቀላል ብላ ነበር። ሁሉ ነገር የማይነገረው ሰው መኖሩን ግን ሳታስተምራት ቀረች። በዳጉ ላደገ ሰው ይህ እንዴት ትዝ ይለዋል?

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበልባል፣ ጥልቀት ከሚባል ኩባንያ ሰፊ የነዳጅ መሬት ሊገዛ ነበር። ፍልፈልም መሬቱን አስቀድማ እንድታይ ተላከች። ድንበሩ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች፤ ቢጠሯት ዝም። የነበልባል ሥራ አስኪያጅ አቶ ዘርይሁን እየተነጫነጩ መጡ። ሳያዩ መፈረም ዓይንን ጨፍኖ ገደል መግባት ነው እያሉ መቆጣጠሪያውን ክፍል ዞሩት።

እኩለ ቀን ግድም ድምፅዋ ተሰማ። «ይቅርታ፣ ዳጉ ላይ ነበርኩ» አለች። የተቀመጠችው ድንበሩ ላይ ካገኘቻት ከሻጮቹ ማሽን ጋር ነው። የሰማችውንም ዘረገፈችው፦ ነዳጁ ያለው በምዕራቡ ጥግ ብቻ ነው፤ በቀረው መሬት ሥር የተኛው የጥንት ጣፋጭ ውሃ ነው። አቶ ዘርይሁን ከኪሳራ በመትረፋቸው ፊታቸው ፈካ። መዲና ግን ፈራች። ዳጉ የአንድ ወገን ሆኖ አያውቅም።

«አንቺስ ምን ነገርሻት?»

«የማውቀውን ሁሉ። እስከ ስንት ድረስ ለመክፈል እንደተዘጋጀንም ጭምር።»

የአቶ ዘርይሁን ፊት አመድ መሰለ። የከሰዓቱ ድርድር እንዳለቀ የፍልፈል አእምሮ ተደምስሶ እንደ አዲስ እንዲሞላ አዘዙ። መዲና አልተከራከረችም፤ ጥፋቱ የራሷ ነው። ግን ነገ ጠዋት ስለ ዝናብ የሚጠይቃት አይኖርም።

የጥልቀት ባለቤት ወይዘሮ ኡርጂ ሲገቡ የእሳቸውም ፊት ከአቶ ዘርይሁን የተሻለ አልነበረም፤ የእሳቸውም ማሽን ወሬውን አድርሳለች። ሁለቱ ጥቂት ተፋጠጡ። መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ኡርጂ ናቸው።

«እንግዲህ የተበላ ዕቁብ ነው» አሉ። «ምን እንደባበቃለን?»

ይመሻል የተባለው ድርድር ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ነበልባል የምዕራቡን ጥግ በሚገባው ዋጋ ገዛ፤ ስለ ውሃውም ለአካባቢው አርብቶ አደሮች እንዲነገር ተስማሙ። አቶ ዘርይሁን ግን ውሃውን ለምን እንደደበቁ ጠየቁ። ወይዘሮ ኡርጂ የነዳጁን ማነስ መደበቃቸውን አመኑ፤ ውሃውን ግን ዛሬ ገና መስማታቸውን ማሉ። እንዲያምኗቸውም እዚያው ሆነው ማሽናቸውን በስልክ ጠሩ።

«ነዳጅ የት አለ ብቻ ነበር የምትሉኝ» አለች ማሽኗ። «ሌላስ ምን አየሽ ያለችኝ ፍልፈል ናት።»

እጅ ተጨባብጠው ተለያዩ።

መዲና ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ተመልሳ ትእዛዙን ልትፈጽም እጇን ዘረጋች። አቶ ዘርይሁን ተከትለዋት መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። «ተዪው» አሉ። ሊሄዱ ዞሩና ተመለሱ። አብራቸው ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰፈሯ የት እንደሆነ እንኳ አያውቁም።

«መዲና፣ እኔም ከነዳጅ በቀር ጠይቄሽ አላውቅም» አሉ። «እንዴት ነሽ? ቤተሰቦችሽስ?»

«ዳጉ ቆሞ አይሆንም፣ አቶ ዘርይሁን» አለችና ፈገግ ብላ ወንበር ሳበችላቸው።

ተቀመጡ። እሷም ከዝናቡ ጀመረችላቸው። ፍልፈልም ጠዋት የሰማችውን እንደ አዲስ ከታች ሆና አዳመጠች።